ሁለት የግራ እጅጌ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ሰባት ዓመት ሙሉ ያልጠየቅኩሽን ዛሬ በአንድ ትንፋሽ ልጠይቅሽ ነውና ታገሺኝ። እኔ ደህና ነኝ። አባባም ጆሮው ቢደክምም ለቁጣ ጉልበት አላጣም።

ወገቤ ከስፌት መኪናው አላስነሳ ቢለኝ ሐኪሙ ዮጋ ሞክሪ አለኝ። ሳቂ፣ እኔም ስቄያለሁ። አስተማሪዋ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት፤ ከዳቦ ቤቱ በላይ ባለች ክፍል ታሠራናለች። የመጀመሪያ ቀን የእግሬን ጣት ካልነካሁ ብዬ ጥርሴን ነክሼ ስታገል መጣችና ማን እያባረረሽ ነው አለችኝ። ዮጋ ከመተጣጠፉ በፊት የሚጀምረው ባለመጉዳት ነው፣ እሱም ከራስሽ ይጀምራል አለች። ታውቂኛለሽ፣ እኔ መርፌ ቢወጋኝ እንኳ የምሰድበው ራሴን ነው። ቀጥሎ የሚመጣው እውነት መናገር ነው ስትል ግን ወገቤ እንደገና የያዘኝ መሰለኝ።

ባለፈው ሳምንት የአንዲት ሙሽራ እናት ለራሷ ቀሚስ የሚሆን ከፋይ አመጣች። የእጅጌውን ልክ ወረቀት ሳልገለብጥ ሁለቴ አስምሬ ቆረጥኩት። ሁለቱም የግራ ሆኑ፤ ትራፊ ጨርቅ የለም። በፊት ቢሆን ራሴን ስረግም እውል ነበር። አሁን ግን ተቀምጬ ተነፈስኩና ለራሴ አይዞሽ አልኩ፤ ከዚያ ሴትዮዋን አስጠርቼ ጥፋቴን ነገርኳት። ጨርቁን አገላብጣ አየችውና እጅጌው በዳንቴል ይሁን፣ ሙቀቱም አይቻልም አለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ሰማይ አልተደፋም።

እሷ እንደወጣች ግን አለቀስኩ። ለከፋዩ አልነበረም። የዛሬ ሰባት ዓመት አባባ ጨርቅ አበላሸሽ ብሎ በደንበኞች ፊት ሲጮህብሽ፣ አንቺ መቀሱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ ስትወጪ፣ እኔ ክር እፈልጋለሁ ብዬ ከመደርደሪያው ሥር አጎንብሼ ነበር። አንቺ የቆረጥሽው በተሰመረው ላይ ነው፤ የተሳሳተው መስመሩ ነበር። ጠመኔው በማን እጅ እንደነበር ታውቂ ነበር፣ ግን ትንፍሽ አላልሽም። ይኸው ዝምታሽ ነው ስንት ዓመት ያቃጠለኝ።

ትናንት ጠዋት ሁሉንም ለአባባ ነገርኩት። ጆሮው ያው ነውና ሁለቴ፣ ያውም ጮክ ብዬ፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ። እንዴት ቅልል እንዳለኝ አትጠይቂኝ፤ ወገቤ እንኳ ረሳኝ። አባባ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔም አልተቆጣሁትም፣ በራሱ ጊዜ ይሁን ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ከሰዓት በኋላ ቀና ስል መቀስሽን ከመሳቢያ አውጥቶ ዘይት ይቀባው ነበር። ጨርሶ በአንቺ ጠረጴዛ ላይ፣ እጀታውን ወደ ወንበርሽ አዙሮ አስቀመጠው።

ፈጣሪ ጤናሽን ይጠብቅልኝ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ደጃችንንም ያሳይሽ።

ጠመኔ የምትይዘው ታናሽሽ