ያልቆጠርኳት ጳጉሜ

ነሐሴ 18፣ አዋሽ

ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛዬን ዘረጋሁ። ገና ሦስት ሰዓት ሳይሆን ሙቀቱ... አብዱሰላም ከጎኔ ነው፤ እሱም እንደኔው ማመልከቻ ጸሐፊ። "ሽማግሌው፣ ወረቀቱ ላይ የሚፈሰው ቀለምህ ነው ላብህ?" አለኝ። "ላቤ ነው፤ ካንተ ቀለም የተሻለ ይነበባል" አልኩት።

ስንቅነሽ የምትባል ሴት መጣች። ለጥጥ ለቀማ መጥታ እዚሁ የቀረች፤ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምግብ እየሠራች አሥራ አራት ዓመት። ቦታው የጎረቤትሽ ነው ብለው ወስነውባታል። ወረቀቱን የሰጧት ነሐሴ 16። በሠላሳ ቀን ውስጥ ሰመራ ይግባኝ ማለት ትችላለች። ቦታው ላይ ያለችው ሁለት ክፍል ቤት ናት። ሌላ የላትም።

"መቼ ነው ታዲያ የሚያልቀው ጋሼ?"

"ሠላሳ ቀን ወር ነው። መስከረም 16።"

"ጳጉሜስ?"

"ጳጉሜን ደግሞ ማን ይቆጥራታል? ባቡር ጣቢያ ሠላሳ አንድ ዓመት ጸሐፊ ሆኜ አንድም ቀን ደመወዝ አላመጣችልኝም!"

ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። እሷም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ጥሩ ቀን።

ጳጉሜን 4

ሙቀት። ባለጉዳይ የለም። ጳጉሜ እንደ ልማዷ ባዶ እጇን መጣች።

መስከረም 8

ስንቅነሽ ነገ ልሂድ አለች፤ የሚወስዳት ሾፌር አግኝታለች። የአንድ ምስክር ቃል ይቀረኛል አልኳት። "ደግሞ ምን አጣደፈሽ? የሰመራ ፀሐይ አንቺን ጠብሳ ለሾፌሮቹ ልታቀርብ ነው? ገና ስምንት ቀን አለሽ።"

"እርስዎ ካሉ እሺ" አለች።

መስከረም 15

ስንቅነሽ ከሰመራ ደወለች። ከመዝገብ ቤቱ መስኮት ሥር።

"ጋሼ፣ አለፈ ይሉኛል። በአራት ቀን አለፈ።"

"እንዴት ተደርጎ! ነገ እኮ ነው የሚሞላው!"

ቆጠርኩ። ከነሐሴ አሥራ አራት፣ ከመስከረም አሥራ ስድስት። ሠላሳ። ልክ ነው። እንደገና ቆጠርኩ። መሐላቸው ላይ... አምስቱ። አምስቱን የት ጣልኳቸው?

ከኋላዋ የመኪና ጡሩምባ ይሰማኛል። ምን ልበላት?

መስከረም 16

ለሄዋን ደወልኩ። የልጅ ልጄ፤ ሰመራ ጠበቃ ናት። ሁልጊዜ "ካባ የለበሰች ጫጩት" እያልኩ አሾፍባታለሁ። ዛሬ ስሟን ብቻ ነው የጠራሁት።

"አባባ፣ ሴትዮዋ ስለ ጳጉሜ ጠይቃህ ነበር?"

"ጠይቃኛለች።"

"ምን አልካት?"

"... አሳቅኳት።"

"ባለጉዳይ ሲጠይቅ ፈርቶ ነው አባባ" አለች። ጊዜው ካለፈ በኋላ የይግባኝ ማስፈቀጃ ማስገባት ይቻላል፤ ምክንያት ግን ይፈልጋል። ምክንያቱ አንተ ነህ፣ በስምህ ጻፈው አለችኝ።

መስከረም 19

አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀደድኩ። ለስንቱ ሰው "ባለማወቅ የተፈጸመ ስህተት" እያልኩ ጽፌያለሁ። እኔ ግን ባለማወቅ ነው? ጳጉሜ መኖሯን አላውቅም ነበር?

አብዱሰላም አየኝ። "አሥራ ሦስት ወር አለን እያላችሁ ትኮሩብናላችሁ፣ ወላሂ አንዷን እንኳ መጠበቅ አቃታችሁ!" ሊያስቀኝ ነው። ቀና ሳልል ስቀር ደነገጠ። ሻይ አዞልኝ ሄደ። ሳልነካው በረደ።

ጥቅምት 6

ውድቅ።

በስሜ የጻፍኩትን ማስፈቀጃ አልተቀበሉትም፤ ሄዋን ነገረችኝ። ቀኑን ማወቅ የባለጉዳይዋ ኃላፊነት ነው ብለዋል። የሷ! ጠይቃ ነበር እኮ... እኔን ማንም አይከሰኝም። ጠረጴዛዬንም ማንም አያነሳብኝም። ነገም "ጋሽ ካሣ" እያሉ ይሰለፋሉ። ይሄ ነው ያቃጠለኝ።

ጥቅምት 13

ስንቅነሽ መጣች። ወረፋ ይዛ፣ ተራዋን ጠብቃ። ትሰድበኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ምነው በሰደበችኝ።

ቆርቆሮውንና በሩን ነቅላ እንድትወስድ ፈቃድ የሚጠይቅ ማመልከቻ እንድጽፍላት ነው።

"ሌላ ጸሐፊ አጣሽ?" አልኳት።

"ቤቱን እርስዎ ያውቁታል። ለሌላ ሰው ከመጀመሪያው መናገር ደከመኝ።"

ጻፍኩ። ቆርቆሮ ሃያ ሁለት፣ የብረት በር አንድ፣ መስኮት ሁለት። አነበብኩላት። የተረፈ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኳት፤ እስክትጨርስ አላቋረጥኳትም። የሎሚ ዛፍ አለኝ አለች። እሱ አይነቀልም። እሱንም ጻፍኩት።

እንድትለቅ የሰጧት ከነገ ጀምሮ አምስት ቀን ነው።

"እስከ መቼ ነው ማለት ነው ጋሼ?"

ወረፋው ያየኛል። አንድ ነገር እስክል የሚጠብቁ አሉ፤ ፊታቸው ሊስቅ ተዘጋጅቷል። እጇን ጠረጴዛው ላይ አስዘረጋኋት። አሥራ አራት። አሥራ አምስት። አሥራ ስድስት። እኔ ስጠራ እሷ ጣቷን ታጥፋለች። አሥራ ሰባት። አሥራ ስምንት።

"ልክ ነው?" አለች፣ ጭብጧን እያየች።

"እንድገመው" አልኳት።