ስለ እትዬ ቆርኪ ማረፍና በሌላ ሰው ስም ስለወጡት ሥዕሎቻቸው

…ቆርኪውን ግን ሁልጊዜ መጀመሪያ ያስቀምጡ ነበር። ወረቀቱ መሃል ላይ። እርሳስ የሚያነሱት ከዚያ በኋላ ነው። ለምን እንደሆነ ለአዲስ ሠራተኛ ሲያስረዱ ድምፃቸው እንዴት ነበር? ከመካከላችን አንዱ ቀስ ብለው ይናገሩ ነበር ይላል፤ ሌላዋ የለም፣ እየሳቁ ነበር ትላለች። ገና ከአሁኑ መስማማት አቅቶናል።

የሲዲ ማባዣና ሌብል ክፍል ሠራተኞች ማኅበር፣ እትዬ ቆርኪ እያልን የምንጠራቸው የሌብል ሠዓሊ ባልደረባችን ሕክምና ሲከታተሉ ቆይተው ማረፋቸውን ለአባላቱ፣ ለደንበኞችና ለሕዝብ የሚያስታውቀው በታላቅ ሐዘን ነው። የተሰማን ሐዘን ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በታች ይገለጻል። መግለጫው የዘገየውም በቸልተኝነት አይደለም። አንድ የሚጠበቅ ነገር ነበር።

እትዬ ቆርኪ ወደ ድርጅቱ የገቡት ሲዲ ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ ነው። የሠርግ፣ የምረቃና የልደት ቪዲዮ የተቀዳበት ሲዲ ላይ የሚለጠፈውን ክብ ወረቀት በኮምፒውተር ያዘጋጁ ነበር። የሌብል ፕሮግራሙ ክሊፕ አርት የሚባሉ ዝግጁ ሥዕሎች ይዞ መጥቷል፤ ቀለበት፣ ኬክ፣ ፊኛ፣ የምረቃ ቆብ። አንዱን መርጦ ክቡ ላይ መጣል ነው። የሚጥለው ሰው ግን ሲዲ መሃሉ ቀዳዳ መሆኑን ይረሳል። የሙሽራን አፍንጫ የሲዲው ቀዳዳ በልቶት ያውቃል። የተመራቂው ጭንቅላት ጠፍቶ ቆቡ ብቻ የተረፈበትም ጊዜ ነበር። እትዬ ቆርኪ የለስላሳ ቆርኪ መሃል ላይ አስቀምጠው በዙሪያው ይነድፉ የነበረው ለዚህ ነው። የክፍሉ ኃላፊ ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ቆርኪዎች አይተው፣ ይህቺ ሴትዮ ትጠጣለች እንዴ ብለው ቀልደው ነበር። እትዬ ቆርኪም፣ ጠርሙሱን የጨረሱት እርስዎ ነዎት፣ ለእኔ የደረሰኝ ክዳኑ ነው ብለው መለሱላቸው። ቅጽል ስሙ የጸናው ያን ዕለት ነው።

በሁለተኛው የሥራ ዓመታቸው። ዝግጁዎቹ ሥዕሎች አራት ማዕዘን ሳጥን ውስጥ ተሥለው ስለመጡ ክብ ላይ አያምሩም ብለው የራሳቸውን መሣል ጀመሩ። በእጅ ነድፈው፣ በስካነር አስገብተው፣ ጠርዛቸውን አጽድተው ከፕሮግራሙ ሥዕሎች ጋር ቀላቀሏቸው። ጀርባዋ ጎበጥ ያለው ወፍ የዚያ ዓመት ሥራ ናት። የጎበጠችው ክቡን እንድትከተል ነው።

በአራተኛው። ቅርንጫፉ፣ ሪባኑ፣ ቁልፉ፣ እጅ ለእጅ የተያያዙት ልጆች። ሁሉም ጎባጦች ናቸው። ሁሉም መሃሉን ይሸሻሉ።

በስድስተኛው። ሥዕሎቹ በአንድ ሲዲ ተሰብስበው ለሌሎች ስቱዲዮዎች ተሠራጩ። ሽፋኑ ላይ ‹ሥዕል› ከሚለው ቃል ቀጥሎ የኃላፊው ስም ነበር። እትዬ ቆርኪ ቢሯቸው ገብተው ጠየቁ። የተመለሰላቸውን ከኮሪደሩ የሰማን አለን። ድርጅት ውስጥ የተሠራ ነገር የእኔ የእኔ አይባልም፣ ስሙ የገባው ለወጉ ነው ተባሉ። ለወጉ ከሆነ የእኔ ቢገባስ አሉ።

በሰባተኛው። ዝግጁ ሥዕል እያለ ሠዓሊ ምን ያደርጋል ተብሎ ወደ ማሸጊያ ክፍል ተዛወሩ። መስኮት የሌለው ክፍል ነው። ሲዲውን ፕላስቲኩ ውስጥ ሲከቱ የገዛ ወፋቸው ቀኑን ሙሉ በእጃቸው ታልፍ ነበር። ሳል የጀመራቸው እዚያ ነው። ምክንያቱ ክፍሉ ነው አንልም። እዚያ ጀመራቸው እንላለን።

ኃላፊው ለቅሶ ደርሰዋል። ይህን አንክድም። ባዶ እጃቸውንም አልመጡም፤ ራሳቸው ያዘጋጁት የመታሰቢያ ሲዲ ይዘው ነበር። የእትዬ ቆርኪ ፎቶ መሃል ላይ፣ በዙሪያው ጎባጣዎቹ ወፎች። ለእናትየው ሰጧቸው። አሮጊቷ መነጽራቸውን አድርገው ልጃቸውን ፈለጉ። ጣታቸው ፊቷ መሆን በነበረበት ቦታ ገብቶ በወዲያኛው በኩል ወጣ።

«ፊቷን የት አደረጋችሁት?» አሉ።

ኃላፊው ጎንበስ ብለው፣ «ፕሮግራሙ ነው እማማ፤ ራሱ መሃል ላይ ያስቀምጠዋል» አሏቸው። «ወፎቹን ግን የሣልኳቸው እኔ ነኝ።»

እናትየው ወፏ ስትነደፍ አይተዋል። የተነደፈችው እርሳቸው ቤት፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ክንፏን አሳጥሪው ብለው የመከሩትም እርሳቸው ናቸው። ኃላፊው እስኪወጡ ጠብቀው የማኅበሩን ሰብሳቢ እጅ ያዙ።

«ልጄስ አትመለስም» አሉ። «ወፏን ግን ከዚያ ሰውዬ ስም አውጡልኝ።»

ማኅበሩ ይህን እንደ አደራ ተቀብሏል። በአቤቱታም አልሄደበትም፤ አቤቱታው የሚቀርበው ለኃላፊው ነውና።

ስለሆነም የሚከተለው ይታወቅ። ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ከእጃችን በወጣ ሲዲ ሁሉ ጠርዝ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ክቡን የሚዞር አንድ ጽሑፍ አለ፦ ሥዕሉ የእትዬ ቆርኪ ነው። ኃላፊው የሲዲ ጠርዝ አይተው አያውቁም፤ መሃሉንም እንደማያዩ ተረጋግጧል። ከእነዚህ ሲዲዎች መካከል የሴት ልጃቸው የሠርግ ሲዲ ይገኝበታል። ወፏ እንድትገባ ያዘዙት ራሳቸው ናቸው። ለልጄ ብዬ የሣልኳት ናት እያሉ ለዘመድ ወዳጅ በገዛ እጃቸው አድለዋል። የጠበቅነው ይህ እደላ እስኪያልቅ ነበር። አልቋል። ሲዲው የደረሳችሁ እንግዶች ሁሉ ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርጋችሁ ጠርዙን እንድታነቡ በአክብሮት እንጠይቃለን። ሙሽሪትን ይቅርታ እንጠይቃለን። አባቷን አንጠይቅም።

በዚህ መግለጫ ውስጥ ‹ሙያውን ያስተማሯት፣ እንደ አባት ያሳደጓት› ተብለው እንዲጠቀሱ ኃላፊው የላኩት አንቀጽም ደርሶናል። አልገባም። በዕድሜ እትዬ ቆርኪ ይበልጧቸው ነበር።

ፈርተናል። ይህም ይጻፍ ተባብለናል። የቤት ኪራይ ያለብን፣ ልጅ የምናስተምር ሰዎች ነን፤ ነገ ማሸጊያ ክፍል ውስጥ ማን እንደሚቀመጥ አናውቅም። ከጽሑፉ ይልቅ ፊርማው አስቸገረን። ማን ይቅደም? መጀመሪያ የፈረመ መጀመሪያ ይጠራል። አንዱ ብዕሩን ለጎረቤቱ ያቀብላል፣ ጎረቤቱ መነጽሬን ረሳሁ ይላል። በመጨረሻ ስማችንን ክብ ሠርተን ጻፍነው፤ ማን እንደጀመረ አይታወቅም። እኛም ረስተነዋል።

የመታሰቢያ ሲዲው እንደገና ተሠርቷል። እትዬ ቆርኪ ከመሃሉ ፈቀቅ ብለው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ሙሉ ነው። ለእናታቸው ደርሷል።

ለእናታቸው፣ ለታናሽ ወንድማቸው፣ በማሸጊያ ክፍል አጠገባቸው ተቀምጠው ውኃ ላቀበሏቸው ባልደረቦች ልባችሁ ይረፍ እንላለን። ቤቱ ሰው እንዳይጎድልበት በተራ እንመጣለን። ለክፍሉ ኃላፊ የምንመኘው መጽናናት የለም፤ ያዘነ ነው የሚጽናናው።

መግለጫው እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ጸሐፊያችን የመጨረሻውን መስመር እየተየበች ሳለ ግን ኃላፊው መጡ። አላንኳኩም። የሠርጉን ሲዲ ወደ አምፖሉ ዘንበል አድርገው ይዘውታል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ፊደል በፊደል፣ ሲዲውን ቀስ እያደረጉ ያዞሩታል። አንድ ዙር ጨረሱ። እንደገና ጀመሩ። ከመካከላችን ወንበር የሳበላቸው የለም። ጸሐፊያችን እጇን ከኪቦርዱ አንሥታ ተነሣች፤ ኃላፊውን ከእኛ ጋር እዚያው አስቀርታ በሩን ዘጋችው።