የሌለ ማተሚያ የሚጠይቀው ፕሮግራም

ረቡዕ፣ ኅዳር 14 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ ልደታ

የቢሯችን ኮምፒውተር መጓተት ከጀመረ ሳምንት ሆነው። አለቃችን ጓድ ታደሰ ጥፋቱን ባልደረባችን ጽጌ በጻፈችው አዲስ ፕሮግራም ላይ ጥሎ «የኢኮኖሚ አሻጥር ነው» የሚል ደብዳቤ በታይፕ አስጽፎባታል። ገና አልተላከም። ቃሉ ግን ያሳስራል።

ዛሬ ሁሉም ለሳምንቱ ውይይት አዳራሽ ሲገቡ እኔ ማሽን ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ። የሚሠራበት ሰው የለም፤ የማሽኑ አንጎል፣ ፕሮሰሰሩ፣ ግን ፋታ አላገኘም። እያንዳንዱ ሥራ ምን ያህል የፕሮሰሰር ጊዜ እንደወሰደ ሲስተሙ የመዘገበውን ከስክሪኑ ወረቀት ላይ ገለበጥኩ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግሜ ገልብጬ አስተያየሁ። ጊዜው የጨመረው አንድ ሥራ ብቻ ነበር። ከበስተጀርባ ሆኖ፣ ለጥገና የተወሰደው ማተሚያ ዝግጁ መሆን አለመሆኑን ያለ እረፍት ይጠይቃል። ስክሪኑ ላይ እንደሚታየው ያስጀመረው ራሱ ታደሰ ነው። ሳስቆመው ማሽኑ ወዲያው ቀለለው።

ከውይይቱ ሲመለስ ወረቀቱን አሳየሁት።

«ማሽኑ ሙቀት በዝቶበት ነበር ብለህ ጻፍ» አለኝ።

«እጽፋለሁ፣ ጓድ። የጽጌን ደብዳቤ ይስጡኝ።»

ትክ ብሎ አየኝና መሳቢያውን ከፈተ።

ማታ ከጽጌ ጋር ወደ አብነት ሰፈር ስንወርድ ደብዳቤውን ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው።

«የካርቦን ቅጂውስ፣ ጋሼ?» አለችኝ።

ቅጂውን እንዲሰጠኝ ታደሰን አልጠየቅኩትም ነበር።