በሩ ላይ የቀረው ናዴሳን

ለታናሽ ወንድሜ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ዝናብ ሲመጣ ያ አስምህ አሁንም ያፍንሃል? መነኩሴ ነህና አንቱ ልልህ ሞክሬ ነበር፤ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩትን ልጅ አንቱ ለማለት ግን እጄ እምቢ አለኝ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ በባሌ ወገኖች በታሚሎቹ አገር፣ በጃፍና፣ ውኃው ጨው ጨው ይላል እንጂ ሰዉ አልከፋብኝም። ሲንሃላ መሆኔን እያወቁ የናዴሳን ሚስት ይሉኛል።

ለናዴሳን ነፍስ ብለህ መነኮሳት ማብላትህን ጽፈህልኛል። እንዴት እንደሞተ ግን አልጻፍክም። እኔ ልጻፍልህ። የእኛ ሲንሃላዎች የታሚሎቹን ሱቅ ማቃጠል ሲጀምሩ ባሌንና ልጄን ይዤ የሮጥኩት ወደ አንተ ገዳም ነበር። በሩን ገርበብ አድርገህ፣ «እትዬ፣ አንቺና ልጅቷ ግቡ፤ እሱን ካስገባሁ ገዳሙን ያነዱብናል» አልከኝ። ስሰድብህ ናዴሳን ክንዴን ይዞ፣ «ተይው፣ ልጅ ነው፤ ፈርቶ ነው» አለኝ። ከዚያ እኛን እዚያው ትቶን ብቻውን ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ሄደ። እዚያ ደርሰውበት በቁሙ አቃጠሉት።

እኔ አንተ ዘንድ አልገባሁም። እኔንና ልጄን የደበቀችን ዓሣ ሻጯ ኤሚሊን ናት። እሷም ሲንሃላ ናት፣ እሷም ቡድሃ ፊት አበባ ታኖራለች። በሳምንቱ አንተ በድምፅ ማጉያ፣ «ይህች ደሴት የቡድሃ አደራ ናት፤ ለሌላ አትሆንም» ስትል እሷ ጓዳ ተቀምጬ ሰማሁህ። ድምፅህ አልተንቀጠቀጠም።

ስለ ልጄ ስለ ያሙና ጠይቀሃል። አስራ ሰባት ሞላት። ፀጉሯን ተቆርጣ፣ እዚህ ሰው «ልጆቹ» ከሚላቸው የታሚል ታጣቂዎች ጋር ጫካ ከገባች ሰንብታለች። ባለፈው መጥታ ምሳ ስትበላ፣ «እማ፣ በሙሉ ጨረቃ በዓል አጎቴ የሚሰብከው የቱ ጋ ቆሞ ነው?» አለችኝ። «ምን አገባሽ» አልኳት። «እንዲያው ነው» አለችና እጇን ታጥባ ወጣች። ስትሄድ አልሳመችኝም።

ልጄን ለማንም አሳልፌ አልሰጥም። አንተ ግን በመጪው በዓል ታምሜአለሁ በል። ከገዳሙ ውጣ፤ አበባ ይዘው የሚመጡትን እናቶችም ወደየቤታቸው ስደዳቸው። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ። ይህን ወረቀት አንብበህ አቃጥለው።

ይህን የማደርገው ይቅር ስላልኩህ አይደለም። ዕድሜህ ይርዘም። ሽማግሌ እስክትሆን ኑር፣ ጤናም አይጉደልብህ፤ ናዴሳንንም በየማለዳው አስበው።

እህትህ