ፈራሚ ያጣው ሁለተኛ ቅጽ

ይድረስ ለተከበሩ የጤና ጣቢያው የእናቶችና ሕፃናት ክፍል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ግማሹ ብቻ ታትሞ በሥራ ላይ ስለዋለ ቅጽ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ሙሉ ጤና፣ ጥሩ የምግብ ፍላጎትና ሳይቆራረጥ የሚያነጋ እንቅልፍ እመኛለሁ። ሦስቱንም አንድ ጊዜ አጥቼ ስላየኋቸው ምኞቴ ለደብዳቤ ወግ ያህል ብቻ አለመሆኑን እንዲረዱልኝ እለምናለሁ።

እኔ በማተሚያ ቤት ጽሑፍ የማቀናብር፣ የአንድ ልጅ እናትና የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። በሐኪም ትእዛዝ የድባቴ መድኃኒት እወስዳለሁ። መድኃኒቱን የማገኘው ከጣቢያዎ መስኮት ብቻ ሲሆን፣ ይህን ስጽፍ በእጄ የቀሩት ስድስት ፍሬዎች ናቸው። የደብዳቤውን አንድ ቅጂ በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ የለጠፍኩት፣ ወረፋ ሲጠብቁ የሚያነቡት ነገር የሌላቸውን እናቶች በማሰብ ነው።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከሥሩ ልጀምር። ባለፈው የክትትል ቀኔ ካርዴን ሲያገላብጡ የመድኃኒቱን ስም አዩና፣ መነጽርዎን አውልቀው፣ ከመሳቢያዎ አንድ ቅጽ አውጥተው ሰጡኝ። «በጽንሴ ላይ ለሚደርሰው ማንኛውም ጉዳት ሙሉ ኃላፊነቱን ራሴ ወስጃለሁ» ይላል። ካልፈረምኩ መድኃኒቱ እንደማይታደስልኝም በትሕትና ገለጹልኝ። ያን ዕለት ሳልፈርመው ወደ ቤት ይዤው ሄድኩ፤ አላነበብኩትምም፤ በቃሌ አውቀዋለሁና። ዓምና በጣቢያዎ ትእዛዝ ያቀናበርኩት እኔ ነኝ፤ ባለ ሁለት ቅጂ፣ ነጩ ለቢሮዎ፣ ቢጫው ለእናቲቱ፣ ከታች ለፊርማ አንድ መስመር። ያኔ የተጨነቅኩት ለኅዳጉ መስተካከል ብቻ ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬንና አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ምክርዎ። መድኃኒቱ ልጄን ምን ያደርገዋል ብዬ ስጠይቅዎ ካርቶኑን ከፍተው፣ ተጣጥፎ የተቀመጠውን ወረቀት ዘርግተው፣ ጥርት ባለ ድምፅ «ነፍሰ ጡር ከሆኑ ሐኪምዎን ያማክሩ» ብለው አነበቡልኝ። እኔ እያደረግኩ ያለሁት እሱን መስሎኝ ነበር። ቀጥለውም «ውሳኔው ያንቺ ነው» አሉኝ። ስላጎናጸፉኝ ነፃነት ከልብ እያመሰገንኩ፣ የምወስንበትንም ነገር ጨምረው ቢሰጡኝ ኖሮ እጅ እነሳ እንደነበር እገልጻለሁ።

፪. ስለ ፋርማሲስትዎ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እርጉዟ ራሷ ሲጨንቃት ምን እንደምታደርግ ግን ተረቱ አይነግረንምና እሳቸውን ላማክር ሄድኩ። አሥራ አንድ ሰው በተሰለፈበት መስኮት ማዘዣዬን ከፍ አድርገው «እህቴ ብትሆኚ አልሰጥሽም» አሉኝ። እህታቸው አይደለሁም፤ ቢሆንም አልሰጡኝም። ሰልፈኞቹም ዐይናቸውን ከሆዴ ወደ ፊቴ እያመላለሱ ምክራቸውን ለገሱኝ፤ አንዷ «ደሞ ጭንቀት ያልያዘው ማን አለ?» አለችኝ። ማዘዣዬን ይዤ ወጣሁ።

፫. ምክር አትሰማም እንዳይሉኝ፣ የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ ሰምቻለሁ። ያኔም ምክሩ የመጣው ከዚሁ መስኮት ነበር። በአንድ ቀን አቆምኩ። ማንም አላስፈረመኝም፤ ለማቆም ቅጽ የለማ። አማቴም «ጎሽ፣ የኔ ልጅ» ብለው መረቁኝ። ልጁ ሦስት ኪሎ ከምናምን ሆኖ በሰላም ተወለደ፤ ሁሉም እሰይ አለ። በአራተኛ ወሩ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አጥቤው፣ አጥብቼው፣ አልጋው ላይ አስተኝቼው፣ በሩን ከውጭ ቆልፌ ወጣሁ። ያገኘሁት አውቶቡስ ላይ ተሳፈርኩ። የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ «እናት፣ የት ነበር የምትወርጂው?» አለኝ። ልጄን ጠልቼው አልነበረም፤ ያለ እኔ የተሻለ እንደሚያድግ ግን፣ ዛሬ ስሜን እንደማውቀው ያህል አምኜ ነበር። ራሴን ምን ላደርግ እንደነበር እዚህ አልጽፍም። ሾፌሩ ሁኔታዬን አይቶ በዚያው አውቶቡስ መለሰኝ። ስደርስ መስኮታችን ተሰብሮ፣ ልጄ ከለቅሶ ብዛት ድምፁ ተዘግቶ፣ አማቴ እቅፍ ውስጥ ነበር። አማቴ ለጎረቤት ሁሉ «ቁልፉ ጠፍቶባት ነው» አሉ። እስከ ዛሬም የሚሉት እንደዚያው ነው፤ በአደባባይ ስላፈረስኩባቸው ይቅር ይበሉኝ።

፬. ስለዚህ በዚህኛው እርግዝና ከተማውን አቋርጬ፣ በዕድሜ ታናሼ ወደምትሆን አንዲት የአእምሮ ሐኪም ሄድኩ። ወረቀት መሐል ለመሐል አስምራ፣ በአንዱ ወገን መድኃኒቱ ሊያደርስ የሚችለውን፣ በሌላው ሕመሙ ሊያደርስ የሚችለውን ጻፈች። ሁለቱም ወገን ባዶ አልነበረም። ሕፃኑ እንደተወለደ ለጥቂት ቀናት ሊነጫነጭና ሊንቀጠቀጥ ስለሚችል ክትትል እንደሚያስፈልገው፣ የእኔው መድኃኒት ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው ጥቂት እንደሆነ፣ በአንድ ቀን ማቆም ግን እንደማይገባ፣ ሳትደብቅና ሳታስፈራራ ነገረችኝ። ስላለፈው ወሊዴ ጠይቃኝ ስለ አውቶቡሱም ነገርኳት። ሁሉንም በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው እንደሌለ አልሸሸገችኝም። ፈርቻለሁ፤ ልጁ በረገጠኝ ቁጥር እፈራለሁ። እየፈራሁም ወስኛለሁ፤ በእርግዝናዬም፣ ሳጠባም እወስዳለሁ።

፭. ከዚያ ሥራዬ ላይ ተመልሼ፣ የጎደለውን ቅጽ በእርስዎው ቅጽ ልክና በዚያው ፊደል አቀናበርኩ። እንዲህ ይላል፦ «ይህች ሴት መድኃኒቷን እንድታቆም የመከርኩ እኔ፣ ብትወድቅ ላነሳት፣ ልጇን መያዝ ቢያቅታት ልይዝላት፣ በእሷም በልጇም ላይ ለሚደርሰው ማንኛውም ጉዳት ሙሉ ኃላፊነቱን ራሴ ወስጃለሁ።» ይዤው ቢሮዎ ስመጣ ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልኩ፤ በበሩ ክፍተት ብቻዎን ሻይ ሲያማስሉ ስላየሁዎ ስብሰባው በሙሉ ስምምነት እንደተጠናቀቀ እገምታለሁ። ፋርማሲስትዎ እስክሪብቶ እንደሌላቸው ነገሩኝ፤ ጆሯቸው ላይ ሰክተውት ነበር። ባለቤቴ «እኔ ምን አውቄ?» አለ። አሁንም አመሰግናለሁ፤ መካሪ በበዛበት አገር ፈራሚ ማጣት ብርቅ አይደለም።

የቀሩት አማቴ ነበሩ። ዘንድሮም «አቁሚው፣ ለልጁ እዘኚ» ሲሉኝ ከርመዋልና፣ ፊደል ስላልቆጠሩ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ቀኝ እጃቸውን ገልብጠው አውራ ጣታቸውን አተኩረው አዩት። ከዚያ «ይሄንን አልፈርምም» አሉ፤ «ያኛውን፣ የነሱን አምጪው።» ያን ጊዜ የእርስዎን ቅጽ ፈረምኩ። እሳቸውም «ብቻዋን አትፈርምም» ብለው ያንኑ ጣታቸውን ቀለም ውስጥ ነክረው ከፊርማዬ አጠገብ አተሙ። ቦታ ስላልነበረ አሻራቸው ከኅዳጉ ወጥቷል። አንድ መስመር ብቻ ያበጀሁት እኔው ነኝና ጥፋቱ የእኔም ነው።

ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ከአማቴ ጋር መስኮትዎ ፊት እንቆማለን። ያኔ በእጄ የምትኖረው አንዲት ፍሬ ናት።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ሻይዎም ሳይቀዘቅዝ ይህን አንብበው እንዲጨርሱ እየተመኘሁ፣ በሁለት ነፍስ ክብደት ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እጅ የምነሳዎ፣

የቅጽዎ አቀናባሪ

ግልባጭ፦
ለመስኮቱ ሰልፈኞች በሙሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሁለተኛውን ቅጽ ከነባዶ መስመሩ ልኬልዎታለሁ፤ ስብሰባ በማይኖርዎት ቀን ይፈርሙበት ይሆናል። ከእሱ ጋር የእርስዎን ቅጽ ነጩን ቅጂ አያይዣለሁ። በአሻራው ላይ መሐል ለመሐል የሚያልፈውን ነጭ መስመር አይተው የማተሚያ ስሕተት ነው ብለው እንዳይመልሱት። አማቴ ያን ቀን መስኮታችንን በእጃቸው ሲሰብሩ መስተዋቱ የቆረጣቸው ነው።