እንደ አምፖል የሚነቀል ራዲዮ

ተሾመች፣

አብረን የኖርንባት ክፍል እንደፈለግሽው ለብቻሽ ሆናለች። ቁልፉ እማማ አልጋነሽ ጋ ነው። ውሃ ሊጠፋ ነው ስላሉ በርሜሉን ሞልቼልሻለሁ።

የተበላሸው ዕቃ ብቻ እንደ አምፖል ተነቅሎ የሚቀየርበት ራዲዮ ምነው በኖረ ብዬ ስመኝ፣ «ማን ሊሠራልሽ!» ብለሽ ስቀሽብኝ ነበር። ከምሠራበት የፒያሳ ጥገና ቤት ውዳቂ ለቃቅሜ ራሴ ሠራሁት።

እናትሽ እሁድ እሁድ መዝሙር ሰምተውበታል፤ ለእሳቸው አዝናለሁ።

አንቺ ግን ቀበሌ ሄደሽ «ከጠላት ጋር ትነጋገርበታለች» አልሽ። ታስሬ «ራዲዮ ብቻ ነው» ብዬ ብምልም የሰማኝ የለም። የፈቱኝም ራዲዮውን ሰው ደብቆልኝ ስላላገኙት ነው።

አሁን አልጋሽ ሥር አለልሽ። እስፒከሩን ነቅዬ ወስጃለሁ፤ ካቻቢቴ እንኳን አላስፈለገኝም። ድምፅ የሌለው ራዲዮ ደግሞ ራዲዮ አይመስልም።

አብዮት ጥበቃዎቹ ዛሬ ለፍተሻ ይመጣሉ፤ አንቺ ከሥራ ስትገቢ ይደርሳሉ። ምን እንደሆነ አስረጂያቸው፤ አንቺን ያምኑሻል።

ካላመኑሽ ይህን ወረቀት አሳዪያቸው። ራዲዮ መሆኑን እያወቅሽ እንዳሳሰርሽኝ አብረው ያነቡታል።

አባይነሽ