ከሁሉ በኋላ ስለተዘረጋው ቱቦና ሰው ስለማያስገባው በር

ለክቡር የመኖሪያ ቤቶችና ግቢዎች ማሻሻያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

የሰላም አምላክ ሰላሙን ከእርስዎ፣ ከቤተሰብዎና ከማኅተምዎ አያርቅ። ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን፣ ይልቁንም የአፍንጫዎን ደኅንነት በትሕትና እጠይቃለሁ፤ ባለፈው ወር ግቢዬን ሊመርቁ በመጡበት ዕለት መሐረብዎን ከፊትዎ ሳያነሡ ሪባን ሲቆርጡ አይቻለሁና፣ በአንድ እጅ መቀስ መያዝ ምን ያህል እንደሚያስቸግር እያሰብሁ እስከ ዛሬ አዝናለሁ። እኔ፣ ስሙ የተመሰገነ ይሁን፣ በሕይወት አለሁ፤ ሽታውን ለምጄዋለሁ ብዬ ግን በሐሰት አልመሰክርም።

በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። እስካሁን ያስገባኋቸው አምስት ማመልከቻዎች በጽሕፈት ቤትዎ መሳቢያ ውስጥ በሰላም እንዳረፉ ስለተረዳሁ፣ ስድስተኛ ልኬ ዕረፍታቸውን ማወክ አልወደድሁም።

ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። አርባ ስድስት ዓመት አብራኝ የኖረችው ባለቤቴ ከሁለት ዓመት በፊት ግራ ጎኗ ሰንፎባት በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ቀረች። መጸዳጃ ቤታችን ደግሞ ከጓሮ፣ ከአራት ደረጃ በታች ነው። ስለዚህ ከመኝታ ክፍላችን ጎን አንዲት ትንሽ መታጠቢያና መጸዳጃ ክፍል፣ ከእርሷም ወደ አትክልቱ የምታወጣ ደረጃ የሌላት መንገድ ልሠራላት አሰብሁ። ዓመት ሙሉ አቀድሁ። ወንበሯን በሜትር ብለካው ስፋቱ ስልሳ ስድስት ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ በሩን ሰማንያ ይሁን አልሁ። ጎረቤቴ ግንበኛው መሬቱን በውሃ ልክ አይቶ ቱቦው የሚወርድበትን መሥመር በካስማ ምልክት አደረገልኝ። ይህን ሁሉ ጥፋት ከፈጸምሁ በኋላ ፈቃድ ልጠይቅ እርስዎ ዘንድ ቀረብሁ። እርስዎም ከመቀመጫዎ ተነሥተው፣ «አባታችን፣ እርስዎ ምን በወጣዎት ይደክማሉ? ግቢዎን ሞዴል አድርገን እኛው እንሠራልዎታለን» አሉኝ። እጅ ነሥቼ ወጣሁ። ያን ዕለት እጅ ከምነሣ ወገቤን ቢይዘኝ በተሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬን በየተራው አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ሥራው ቅደም ተከተል። ያስተማሩኝ መምህራን ቤት ከመሠረቱ ይጀመራል ይሉኝ ነበር፤ ባለማወቃቸው ነውና ነፍሳቸውን ይማር። ሠራተኞችዎ በመጀመሪያው ሳምንት አጥሩን ቀለም ቀቡ፤ በሁለተኛው «ሞዴል ግቢ» የሚል ሰሌዳ ሰቀሉ፤ በሦስተኛው ወለሉን አርማታ ሞልተው ሴራሚክ አነጠፉ። የፍሳሽ ቱቦው ከሁሉ በኋላ መጣ። ግንበኛው ጎረቤቴ ከአጥሩ በላይ አንገቱን አስግጎ፣ «እናንተ ልጆች፣ ቱቦ ሳይቀበር ወለል ይሞላል እንዴ? ነው ወይስ ፍሳሹን በመሰላል ልታወጡት ነው?» ቢላቸው፣ አለቃቸው፣ «ወንድሜ፣ ለሪፖርት ፎቶ የሚነሣው ወለሉ ነው፤ ቱቦ ማን ያይልሃል?» ብሎ መለሰለት። እውነቱን ነው፤ ቱቦ አይታይም። ይሸታል እንጂ።

ሁለተኛ፤ ስለ ፍሳሹ። የተነጠፈው ሴራሚክ እንዳይነካ ተብሎ ቱቦው ከወለሉ በላይ በግድግዳው ዙሪያ ተዘረጋ፤ መድረሻው ከመነሻው አንድ ክንድ ያህል ከፍ አለ። ጽሕፈት ቤትዎ ለውሃ ሽቅብ እንዲፈስስ ትእዛዝ ማስተላለፉን አልጠራጠርም፤ ውሃው ግን ያልተማረ በመሆኑ አልታዘዘም፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ወደ አትክልቴ ወረደ። ከዚህም በላይ፣ የሦስት ጎረቤቶቼ ፍሳሽ «ሞዴሉን ይጋሩ» ተብሎ ከዚሁ ቱቦ ጋር ተቀጠለ። ሰላጣና ካሮት የዘራሁበት መደብ፣ ከመኝታ ክፍላችን መስኮት ሥር ያለው ማለቴ ነው፣ ዛሬ ግራጫ ኩሬ ሆኗል፤ ላዩ እንደ ቀዘቀዘ መረቅ ቆዳ አውጥቶ፣ ፀሐይ ሲወጣበት ይፈነዳል። የራስ ፀጉር፣ የሳሙና አረፋ፣ ስሙን በደብዳቤ የማላነሣው ነገር፣ በላዩም ነጫጭ ትሎች በሰልፍ። ማታ የማን ቤት ምን እንደ በላ ማለዳ ሳልጠይቅ አውቃለሁ። ጎረቤትን በዚህን ያህል ጥልቀት እንዳውቅ ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ አበባዎቹ። በምረቃው ዕለት ሃያ ሁለት የአበባ ሣጥኖች በመኪና መጥተው ኩሬውን ከበቡት፤ ፎቶው ተነሣ፤ ሃያ ሁለቱም ወደ መኪናው ተመለሱ። እንግዶቹ ገና እየተጨባበጡ ነበር። ለአበባዎቹ ያሳዩትን ርኅራኄ ማድነቅ ይገባኛል፤ በዚያ ቦታ አንድ ሌሊት እንኳ እንዲያድሩ አልፈረዱባቸውም።

አራተኛ፤ ስለ በሩ። በመጋዘናችሁ ያለው መቃን ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ተብሎ ስልሳ ሴንቲ ሜትር በር ተገጠመ። ለባለሙያዎ ወንበሩን አሳይቼ ብማጸነው፣ «አባቴ፣ የፕላኑ ሥዕል ሰማንያ ነው የሚለው፤ እኛ የምናጸድቀው ሥዕሉን ነው» ብሎኝ ፈረመ። ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትገባ ስትሞክር ጎማው ከመቃኑ ጋር ተጣበቀ፤ የጣቶቿ አንጓ ተላጠ። እርሷ ግን ሳቀች። «ተወው፤ ለቁመናዬ የማይመጥን በር ነው» አለችኝ። አልሳቅሁም።

ከዚያ ወዲህ በሰባ አራት ዓመቴ አቅፌያት አራቱን ደረጃ እወርዳለሁ፤ ሁለት ጊዜ አዳልጦኛል። ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ደግሞ ውሃ መጠጣት ተወች። ብርጭቆውን ሳቀርብላት፣ «አልጠማኝም» ትለኛለች፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ሳለ። ሐኪሙ ኩላሊቷን ፈርቶላታል። እኔን ላለማድከም እየተጠማች እንደሆነ አውቃለሁ፤ እርሷም ማወቄን ታውቃለች። ክቡርነትዎ፣ ስድስት ሴንቲ ሜትር ማለት ይህ ነው።

አምስተኛና የመጨረሻው፤ ግድግዳውን አፍርሼ በሩን ላሰፋ፣ ወለሉንም ቆፍሬ ቱቦውን በደንቡ ላስቀብር ፈቃድ ብጠይቅ፣ ጸሐፊዎ፣ «አባባ፣ ሞዴል እኮ ለሦስት ዓመት አይነካም፤ ሰው ይማርበታል» አለችኝ። በእርግጥም በየረቡዑ ደብተር የያዙ ጎብኚዎች ይመጣሉ። ባለፈው ከመካከላቸው አንዱ ኩሬውን በአድናቆት ተመልክቶ፣ «ዓሣው መቼ ይገባል?» ሲል ጠይቆኛል። የሚገባውን ሁሉ ዘርዝሬ ነገርሁት፤ ደብተሩን ዘግቶ ሄደ።

ክቡር ሆይ፣ ሹም ማክበር እንደሚገባ ከልጅነቴ ተምሬአለሁ፤ አርባ ዓመትም አስተምሬአለሁ። ነገር ግን የተጠማች ሴት ውሃን እንድትፈራ የሚያደርግ ትእዛዝ ይከበር ዘንድ ያስተማረኝ መምህር አላገኘሁም። ስለዚህ በመጪው ሐሙስ፣ ከጸሎት መልስ፣ እኔና ግንበኛው ጎረቤቴ ያንን ግድግዳ እናፈርሳለን። ፈቃድ እየለመንሁ አይደለም፤ እያሳወቅሁ ነው። የተጻፈ እገዳ ካለዎት ይዘው ይምጡና በዚያ በር በኩል ያስገቡልኝ፤ ነገር ግን ባለቤቴን በወንበሯ እየገፉ ይሁን።

ሳይለምኑት ሞዴል የሆነው፣ ውለታዎን በቀንም በሌሊትም የሚያሸትተው፣ የጤናዎ ምኞተኛና የአንዲት ሴት ባል።

ድኅረ ጽሑፍ፤ ይህን ደብዳቤ ሳነብላት ባለቤቴ፣ «ምነው አንተ፣ በዚህ ዕድሜህ ሰው ትዘልፋለህ? ይልቅ ጸልይለት» ብላ ገሠጸችኝ። ቃሏን አከብራለሁ። ከነገ ጀምሮ በየማለዳው፣ ፈጣሪ ረጅም ዕድሜ እንዲያድልዎ፣ ጉልበትዎ በደከመና ሰው ባሻዎ ጊዜም የሚጦሩበትን ቤት የራስዎ ጽሕፈት ቤት እንዲያድስልዎ ከልቤ እጸልያለሁ። አሜን ይበሉ።